ጋዝ አያልቅም

እንደምን አመሻችሁ። ከሥራ ወጥታችሁ፣ ከትራፊኩ ታግላችሁ እዚህ ስለተገኛችሁ አመሰግናለሁ። አዳራሹ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰው አያለሁ። ግማሾቻችሁ ቤታችሁ ሂት ፓምፕ፣ ማለትም ቤት የሚያሞቅም የሚያቀዘቅዝም ማሽን፣ ያለ ወይም ልታስገቡ ያሰባችሁ ናችሁ። ግማሾቻችሁ ደግሞ ሙያውን ገና የጀመራችሁ ልጆች ናችሁ። ዱባይና ሪያድ ኤሲ ስትሠሩ ቆይታችሁ ወደ ሜሪላንድ የመጣችሁም አላችሁ። ለሁላችሁም የማወራው ግን አንድ ነገር ነው።

በጣም ደጋግሜ የሚደወልልኝ ስልክ ይኼ ነው። «ወንድሜ፣ ማሽኑ ጋዝ ጨርሷል መሰለኝ፤ መጥተህ ሙላልኝ።» አገር ቤትም እንዲሁ ነበር የምንለው። ፍሪጁ አልቀዘቅዝ ካለ «ጋዝ አልቆበት ነው» እንላለን። ሠሪው ይመጣል፣ ይሞላል፣ ሂሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ከጥቂት ወራት በኋላ ያው ፍሪጅ፣ ያው ወሬ።

ጋዝ አያልቅም። መኪና ቤንዚን ይጨርሳል። ምድጃ ቡታጋዝ ይጨርሳል፤ ስለሚያቃጥለው። ሂት ፓምፕ ግን ጋዙን አያቃጥለውም። ያው ጋዝ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ይመላለሳል፤ ሌላ ሥራ የለውም። ማሽኑ ዕድሜውን ሙሉ በአንድ ጋዝ መኖር ይችላል። ጋዙ ጎድሎ ከተገኘ ወይ ፈስሷል፣ ወይ ሲገጠም በልኩ አልገባም። ሁለቱም የሰው እጅ ሥራ ናቸው። እኔ የምቆረቆረውም ለዚህ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አንድ ቤት ተጠርቼ ሄድኩ። ባለቤቶቹ ባልና ሚስት ናቸው፤ ሁለቱም በፈረቃ ይሠራሉ። ሦስት ክረምት በተከታታይ፣ የዚህን አገር ሞቃቱን ክረምት ማለቴ ነው፣ አንድ ድርጅት እየመጣ ጋዝ ጨምሮላቸዋል። ሦስቱንም ጊዜ ከፍለዋል። ደረሰኞቹን በላስቲክ ፋይል አስቀምጠዋል። አንዱም ላይ «የሚፈስበት ቦታ ተፈለገ» የሚል ቃል የለም። የውጭውን ማሽን ከፈትኩ። ጌጅ፣ ማለትም የግፊት መለኪያው፣ የሚሰካባት ትንሿ አፍ ክዳን አልነበራትም። ሳሙና በውሃ በጥብጬ በብሩሽ ቀባሁባትና ጠበቅሁ። ወዲያው ምንም የለም። ደቂቃ ያህል ቆይቶ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል አረፋ ብቅ አለች። አደገች፣ ፈነዳች፣ ሌላ ተተካች። ሦስት ክረምት ሙሉ ገንዘባቸው የወጣው በዚያች ቀዳዳ ነው። የውስጧን ቫልቭ በልዩ መፍቻው ቀየርኩ፣ ጎማ ያላት የነሐስ ክዳን አሰርኩባት። ዕቃው ከአንድ ስኒ ቡና ዋጋ አይበልጥም።

ያ ቤት በጋዙ ጉድለት የተጎዳው በሙቀት ወቅት ብቻ አልነበረም። ይኼንን ለማስረዳት ማሽኑ እንዴት እንደሚሠራ ትንሽ ላውራ።

ሂት ፓምፕ ሙቀት አይፈጥርም። ሙቀት ያጓጉዛል። በሞቃቱ ጊዜ ከቤት ውስጥ ያለውን ሙቀት ወደ ውጭ ይወስዳል። በብርዱ ጊዜ ደግሞ ውጭ ካለው አየር ሙቀት ለቅሞ ወደ ቤት ያስገባል። «ውጭው በረዶ ሆኖ ምን ሙቀት አለው?» ትሉኝ ይሆናል። አለው። ዋናው ነገር ጋዙ የሚፈላበት ዲግሪ ነው። እነዚህ ጋዞች በተለመደው የአየር ግፊት ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይፈላሉ። ማሽኑ ግፊታቸውን እያስተካከለ ከውጭው አየር በታች እንዲቀዘቅዙ ያደርጋል። ያን ጊዜ ለእኛ የሚያንቀጠቅጥ ብርድ ለእነሱ ምድጃ ነው። ይፈላሉ፣ ሙቀቱን ይይዛሉ፣ ኮምፕረሰሩ ይጨምቃቸዋል፣ በጣም ይግላሉ፣ ቤት ገብተው ሙቀቱን ያራግፋሉ። መልካም ቀን ላይ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት መብራት ሦስት ያህል ሙቀት ያመጣል። ተራ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ለአንድ አንድ ነው የሚሰጠው።

እዚህ አካባቢ ግን አብዛኛው ማሽን ሁለተኛ ማሞቂያ አለው። እንደ ምጣድ ሽቦ የሚግል ኤሌክትሪክ ነው፤ ብርዱ ሲበረታ ያግዛል። ጋዙ ከጎደለ ሂት ፓምፑ ይደክማል፣ ይኼ ሽቦ ይነሳል። ቤቱ ይሞቃል። ማንም ችግር እንዳለ አያውቅም። ፌብሩዋሪ ላይ የመብራት ሂሳብ ሲመጣ ነው ሰው የሚደነግጠው። እነዚያ ባልና ሚስትም ክረምቱን ለጋዝ፣ ብርዱን ለመብራት ሲከፍሉ ነው የከረሙት።

እዚሁ ጌይተርስበርግ የፌዴራሉ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም አለ። በፈረንጆቹ 2014 ይህንኑ ጉዳይ አጥንቶ ጽሑፍ አውጥቷል። የገጠማ ስሕተት አንድ ቤት ለማሞቂያና ለማቀዝቀዣ የሚያወጣውን መብራት እስከ 30 በመቶ ሊጨምር እንደሚችል አሳይቷል። ከጥፋቶቹ መካከል የሚያፈስ የአየር ቱቦ፣ የጎደለ ጋዝ፣ ከቤቱ በላይ የሆነ ማሽንና የጠበበ የአየር ቱቦ ነበሩ። ማሽኑ ያው ነው። ፋብሪካው ያው ነው። ልዩነቱ የገጠመው ሰው ነው።

ስለ መጠኑ ባጭሩ። ሰው «ትልቅ ይሁንልኝ» ይላል። ትልቅ ማሽን በሞቃት ቀን ቶሎ አቀዝቅዞ ይጠፋል፤ የአየሩን እርጥበት ለማውጣት ጊዜ አያገኝም። ቤቱ ይቀዘቅዛል ግን ይወረዛል። መጠኑ የሚወጣው በስሌት ነው፤ መስኮቱ፣ የግድግዳው መሸፈኛ፣ የጣሪያው አቅጣጫ ሁሉ ይቆጠራል። አሮጌው ማሽን ላይ ያለውን ቁጥር አይቶ ያንኑ የሚያዝላችሁን ሰው «ስሌቱን አሳየኝ» በሉት። አየሩም እንደዚሁ። ለአንድ ቶን የማሽን አቅም፣ ማለትም በሰዓት ለ12,000 ቢቲዩ ሙቀት፣ በደቂቃ 400 ኪዩቢክ ጫማ ያህል አየር ማለፍ አለበት። ፊልተሩ ከታፈነ ወይም ቱቦው ከጠበበ ከዚያ በኋላ ጌጅ ላይ የምታነቡት ሁሉ ያታልላችኋል።

አሁን ወደ መዳቡ ልምጣ። እዚህ ላይ ቀስ እላለሁ፤ ጋዙ በልኩ ገብቶ በልኩ መቆየት አለመቆየቱ የሚወሰነው እዚህ ስለሆነ ነው።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ቁራጭ ቱቦ አስቀምጫለሁ። ሁለቱንም ትናንት ማታ ቤዝመንቴ ውስጥ በየድኳቸው። ከዚያ በቁመታቸው ሰነጠቅኳቸው። አንደኛውን ስበይድ ውስጡ ናይትሮጅን በቀስታ እያለፈ ነበር። ሁለተኛውን ያለ ናይትሮጅን በየድኩት። ከውጭ ስታዩዋቸው መንታ ናቸው። ውስጣቸውን እዩ። የመጀመሪያው እንደ አዲስ ሳንቲም ያበራል። ሁለተኛው የከሰለ ምጣድ ይመስላል። በጥፍራችሁ ፈቅፍቁት፤ ጥቁር ቅርፊት ይነሳል። ይኼ የመዳብ ኦክሳይድ ነው። መዳብ ሲግል ከኦክስጅን ጋር ይያያዛል። ናይትሮጅኑ ሥራው ያንን ኦክስጅን አስወጥቶ ቦታውን መያዝ ነው። ግፊት አያስፈልገውም። እጃችሁ ላይ እንደ ትንፋሽ የሚሰማ ፍሰት ይበቃል። ከበዛ ቀልጦ የገባውን የብየዳ ዘንግ ይነፋዋል።

ይኼንን የተማርኩት ሰው ቤት አበላሽቼ ነው። የጀመርኩ ዓመት ነው። ሰዓት ሄዶብኝ ነበር፤ የናይትሮጅኑ ጠርሙስ ቫኑ ውስጥ ነው፤ «ሁለት ብየዳ ነው፣ ምን ይመጣል» ብዬ በየድኩ። ማሽኑ ተነሳ፣ ቀዘቀዘ፣ ደስ ብሎኝ ሄድኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ተጠራሁ። ጋዙ የሚያልፍባት የማስፋፊያዋ ቫልቭ ታፍና ነበር። ስፈታት ወንፊቷ ላይ ያ ጥቁር ቅርፊት እንደ ቡና አተላ ተጋግሯል። ቤቱ ውስጥ አንዲት ወላድ ነበረች፤ ሕፃኑ ገና አራስ ነው። በዚያ ሙቀት ሁለት ቀን ያለ ማቀዝቀዣ ቆዩ። የሕፃኑ ለቅሶ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ከዚያ ወዲህ ናይትሮጅን ሳልከፍት ቶርች አልለኩስም።

ከብየዳው በፊት ደግሞ ቆረጣው አለ። ቱቦ ስትቆርጡ ጠርዙ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ እሱን መላግ ያስፈልጋል። ስትልጉ አፉን ወደ መሬት አዙሩት። ብናኙ ወደ ውጭ ይውደቅ፣ ወደ ውስጥ አይግባ። ሚኒ ስፕሊት፣ ማለትም የአየር ቱቦ የሌለው ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ማሽን፣ ከሆነ ብየዳ የለም፣ ጫፉን በፍሌር እንደ መለከት አፍ መክፈት ነው። የፍሌሩ ፊት ላይ አንድ ጭረት ካለ ቁረጡትና እንደገና ሥሩት። ነቱን በጉልበት አትሰሩት። የሚያጠብቅበትን ኃይል የሚለካውን ቶርክ መፍቻ ግዙ። ማኑዋሉ ላይ ለእያንዳንዱ ቱቦ ቁጥሩ ተጽፏል። ሲላላ ያፈሳል፣ ሲጠብቅ ይሰነጠቅና ያፈሳል።

ፊልተር ድራየር፣ ማለትም ከጋዙ ቆሻሻና እርጥበት የሚለቅመውን ማጣሪያ፣ የምትገጥሙ ከሆነ በሁለት አቅጣጫ የሚሠራውን ግዙ። ከዱባይ የመጣችሁ ይኼ ለእናንተ ነው። እዚያ ማቀዝቀዝ ብቻ ነበር፤ ጋዙ በአንድ በኩል ነበር የሚሄደው። ሂት ፓምፕ ላይ ግን ወቅቱ ሲገለበጥ ፍሰቱም ይገለበጣል። የአንድ አቅጣጫ ድራየር ያጠራቀመውን ቆሻሻ መልሶ ይተፋዋል።

ቱቦው ከተያያዘ በኋላ በናይትሮጅን ይፈተናል። ግፊቱን ማኑዋሉ ይነግራችኋል፤ 400 ፒኤስአይ አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። ሞልታችሁ፣ ሳሙና ቀብታችሁ፣ ጊዜ ስጡት። እኔ ከተመቸኝ አሳድረዋለሁ። ሲነጋ ቁጥሩ ትንሽ ቢወርድ ወዲያው አትደንግጡ፤ መጀመሪያ የአየሩን ሙቀት አስቡ። ማታ 70 ዲግሪ ፋራናይት ላይ 400 የነበረ፣ ንጋት ላይ አየሩ 50 ቢሆን ወደ 384 ይወርዳል። ይኼ ፍሳሽ አይደለም፣ ብርድ ነው። ከዚያ በታች ከሆነ ግን ሳሙናችሁን አንሱና ፈልጉ።

ቀጥሎ ቫኪዩም፤ ቱቦው ውስጥ ያለውን አየርና እርጥበት በፓምፕ ስቦ ማውጣት ማለት ነው። አብዛኛው ሰው የሚሸውደው እዚህ ነው፤ ምክንያቱም አይታይም።

አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይኼንን በቀላሉ ይረዳዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም። ከተማው ከፍታ ላይ ስለሆነ የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ ውሃው 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ለዚህ ነው ሽምብራና ባቄላ ለመብሰል ያንን ያህል የሚያስለፋን። ግፊት ሲቀንስ ውሃ በቀላሉ ይፈላል። ቫኪዩም ፓምፕ ይኼንኑ ነው የሚሠራው፤ ከእንጦጦ በላይ፣ ከራስ ዳሸንም በላይ፣ አየር ከማይኖርበት ከፍታ ላይ ቱቦውን ያወጣዋል። ያን ጊዜ ቱቦው ውስጥ የቀረችው እርጥበት ማንም ሳያሞቃት ትፈላለች፤ ተንና ትወጣለች።

መለኪያው ማይክሮን ነው። እዚህ ክፍል ውስጥ ያለው ግፊት 760,000 ማይክሮን ያህል ነው። ከ500 በታች ማውረድ አለብን። 500 ማይክሮን ላይ ውሃ ከዜሮ በታች 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ላይ ይፈላል። ይኼንን ቁጥር የሚያነበው ዲጂታሉ የማይክሮን መለኪያ ብቻ ነው። በተራው ጌጅ መርፌው መጨረሻው ላይ ተኝቶ ስታዩት «አለቀ» አትበሉ። ያ መርፌ 5,000ንና 500ን መለየት አይችልም። መለኪያውን ደግሞ ፓምፑ ላይ ሳይሆን ማሽኑ ላይ ስኩት፤ ከፓምፑ ርቆ። ፓምፑ አጠገብ ሁልጊዜ ጥሩ ነው።

ከ500 በታች ከገባ በኋላ ፓምፑን ዝጉና መለኪያውን ተመልከቱ። ቁጥሩ ትንሽ ወጥቶ ከቆመ ደህና ነው። ወደ ሁለት ሺህ ምናምን ወጥቶ እዚያ ከቆመ ውስጡ ገና እርጥበት አለ፤ ናይትሮጅን አስገብታችሁ ቫኪዩሙን ሰብራችሁ እንደገና ሳቡ። ሳይቆም ሽቅብ ከሄደ ያፈሳል፤ ወደ ሳሙናው ተመለሱ። አሥር ደቂቃ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ ቁጥር ማየት ነው። እኔ ከዕለቱ ሥራ ሁሉ የምወደው ይኼንን አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። የሠራሁት ሥራ ራሱ የሚናገርበት ሰዓት ነው።

እርጥበት ለምን ይኼን ያህል ያስፈራናል? ኮምፕረሰሩ ውስጥ ያለው ዘይት ውሃ ይወዳል። አንዴ ከጠጣው ቫኪዩም አያወጣለትም። ውሃና ዘይት ሲገናኙ አሲድ ይሠራሉ። አሲዱ የኮምፕረሰሩን ሽቦ ቀስ እያለ ይበላዋል። ከአምስት ዓመት በኋላ ኮምፕረሰር ይቃጠላል፤ «ፋብሪካው ነው» ይባላል። ስለዚህ ቱቦ ክፍቱን አታሳድሩ፤ ክዳኑን እስከ መጨረሻው ሰዓት አታንሱ።

አንዳንዶቻችሁ ያያችሁት ልማድ አለ። ፓምፕ ሳያመጡ የማሽኑን ቫልቭ ለጥቂት ሰከንድ ከፍቶ በራሱ ጋዝ አየሩን ማስወጣት። እዚህ አገር ጋዝ ወደ አየር መልቀቅ ሕግ ይከለክለዋል፤ ለአሮጌዎቹ ጋዞች ከ1992 ጀምሮ፣ እንደ አር-410ኤ ላሉት ደግሞ ከ1995 ጀምሮ። ጋዝ ለመንካትም የ608 ፈተናን ማለፍ ግዴታ ነው። ሕጉ ባይኖር እንኳ አየሩም እርጥበቱም በዚያ መንገድ አይወጣም። ማሽኑ ከልደቱ ቀን ጀምሮ ታማሚ ይሆናል።

እንግዲህ ጋዙ። ልብ በሉ፣ ይኼን ሁሉ ሰዓት ስናወራ ጋዝ ገና አልነካንም። የውጭው ማሽን ከፋብሪካ ሲመጣ ጋዙን ይዞ ነው የሚመጣው። ብዙ ጊዜ ለ15 ጫማ ቱቦ የሚበቃ ነው። የማሽኑ ጎን ላይ የተለጠፈውን ሰሌዳ አንብቡ፤ ስንት ፓውንድ፣ ስንት አውንስ እንዳለው ይናገራል። የእናንተ ቱቦ ከዚያ ከረዘመ ለትርፉ ይጨመራል። አር-410ኤ ላይ፣ ፈሳሹ የሚሄድበት ቱቦ ባለ ሦስት ስምንተኛ ኢንች ከሆነ፣ ለአንድ ጫማ 0.6 አውንስ ያህል ነው። ቱቦው 40 ጫማ ነው እንበል። ትርፉ 25 ጫማ፣ ጭማሪው 15 አውንስ። አንድ ፓውንድ ሊሞላ አንድ አውንስ ነው የቀረው። ይኼንን ሳይጨምር የሄደ ሰው ቤቱን ከመጀመሪያው ቀን ጎዶሎ አድርጎት ሄደ ማለት ነው። የሌላ ጋዝና የሌላ ውፍረት ቱቦ ቁጥሩ ሌላ ነው፤ ሁልጊዜ የማሽኑን ወረቀት እመኑ።

ጋዙን በሚዛን ነው የምታስገቡት። ጠርሙሱን ሚዛን ላይ አስቀምጡ፣ ሚዛኑን ዜሮ አድርጉ፣ የቀነሰውን ቁጥር እያያችሁ አስገቡ። ወርቅ የሚመዝን ሰው በግምት አይመዝንም። ማሽኑ ጠፍቶ፣ ቱቦው ገና ቫኪዩም ላይ እያለ ጭማሪውን በፈሳሹ መስመር በኩል ስጡት፤ ይጠጣዋል። ከዚያ በሄክስ ቁልፍ የማሽኑን ቫልቮች ቀስ ብላችሁ እስከ መጨረሻ ክፈቱ። ክዳኖቻቸውን መልሱ።

አሁን ማሽኑ ይነሳና ሥራችንን እናረጋግጣለን። እዚህ አገር የቆየ ልማድ አለ፤ ቱቦውን በእጅ ዳስሶ «እንደ ቀዝቃዛ ቢራ ሆኗል፣ በቃ» ማለት። እጅ መለኪያ አይደለም። ሁለት ነገር እንለካለን፤ ግፊትና የቱቦውን ሙቀት።

ጀበናው ሲፈላ አስቡት። ውሃው እየፈላ እስካለ ድረስ እሳቱን ብትጨምሩም ከ92 አያልፍም። ውሃው ተንኖ ካለቀ በኋላ ነው እንፋሎቱ ከዚያ በላይ የሚሞቀው። ጋዙም እንዲሁ ነው። ሙሉ በሙሉ ተንኖ ካለቀ በኋላ የጨመረው ሙቀት ሱፐርሂት ይባላል። ሙሉ በሙሉ ፈሳሽ ከሆነ በኋላ የቀነሰው ደግሞ ሰብኩሊንግ ይባላል። የማስፋፊያ ቫልቭ ያለው ማሽን በሰብኩሊንግ ነው የሚታየው። ሰሌዳው ላይ «10» ተጽፏል እንበል። አር-410ኤ ነው። ጌጁ 340 ፒኤስአይ አነበበ። ይኼ ጋዝ በዚህ ግፊት ወደ ፈሳሽ የሚለወጥበት ሙቀት 105 ፋራናይት ነው። የፈሳሹ ቱቦ ላይ መለኪያ ስናስር 95 ሆነ። ልዩነቱ 10። ትክክል ነው። ቱቦው 102 ቢሆን ልዩነቱ 3 ነው፤ ጋዝ ጎድሏል። 87 ቢሆን 18 ነው፤ በዝቷል። የበዛም እንደ ጎደለው ያጠፋል። ግፊቱ ይንራል፣ ኮምፕረሰሩ ይጨነቃል፣ ፈሳሽ ሊደርስበትም ይችላል። ኮምፕረሰር ጋዝ ነው የሚጨምቀው፣ ፈሳሽ አይጨመቅለትም። ትንሽ ጨምራችሁ ከሆነ ሩብ ሰዓት ጠብቁና እንደገና ለኩ። እየተጣደፉ መጨመር ነው የሚያበዛው።

ይኼ ልኬት ለማቀዝቀዝ ጊዜ ነው። ጃንዋሪ ላይ የምትገጥሙ ከሆነ ማሽኑ ፍሰቱን ገልብጧል፤ በማቀዝቀዝ ጊዜ ቀዝቃዛው ቱቦ የነበረው አሁን የጋለው መስመር ሆኗል። እዚያ ላይ ሰብኩሊንግ አነባለሁ ማለት ራስን ማሳሳት ነው። በብርድ ጊዜ እውነተኛው መንገድ ሚዛን ነው። መዝኑ፣ አስገቡ፣ ጻፉ፤ ሙቀቱ ሲመጣ ተመልሳችሁ በሰብኩሊንግ አረጋግጡ። ደንበኛውን «በሜይ እመለሳለሁ» በሉትና ተመለሱ።

ስለ ብርድ ካነሳሁ አንድ ነገር ለቤት ባለቤቶች። ባለፈው ዓመት አንዲት እናት ከሌሊቱ በአምስት ሰዓት ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ማሽኑ እየጨሰ ነው፤ እሳት አደጋ ልጥራ?» ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል። «እማማ፣ አይዞዎት። ከመስኮቱ ሆነው ይዩልኝ፤ የላዩ ማራገቢያ ቆሟል?» አልኳቸው። «ቆሟል» አሉ። «አምስት፣ አሥር ደቂቃ ይጠብቁ፤ ስልኩን አልዘጋም» አልኳቸው። ትንሽ ቆይቶ ማራገቢያው ተነሳ፣ «ጭሱ» ጠፋ። ጭስ አልነበረም፣ እንፋሎት ነበር። ውጭ ያለው ኮይል፣ ማለትም ጋዙ የሚዞርበት የተጠማዘዘው ቱቦ፣ በብርድ ውርጭ ይይዛል። ማሽኑ ለጥቂት ደቂቃ ፍሰቱን ገልብጦ፣ ማራገቢያውን አቁሞ ውርጩን ያቀልጣል። ጤነኛ ነገር ነው። ማሽኑን የገጠመላቸው ሰው ይኼንን በሁለት ዓረፍተ ነገር ነግሯቸው ቢሆን ኖሮ ያን ሌሊት አይደነግጡም ነበር። ኮይሉ ግን ቀኑን ሙሉ በበረዶ ተሸፍኖ ከዋለ እሱ ሌላ ነው፤ ጥሩኝ።

አዲሱን ጋዝ በተመለከተ ወጣቶቹ አጥብቃችሁ ያዙልኝ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ በአር-410ኤ የሚሠራ አዲስ የቤት ሲስተም ማምረት ቆሟል። ያለውን መጠገን ይቻላል። ምክንያቱ ያ ጋዝ አየር ላይ ሲለቀቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 2,088 እጥፍ ምድርን ያሞቃል። የተተካው አር-454ቢ 466 ነው፤ አር-32 675። አዲሶቹ ግን ቀለል ባለ ደረጃ ይቀጣጠላሉ። ለዚህ ነው ጠርሙሳቸው ቀይ ምልክት ያለው፣ የአፉ ጥርስም ወደ ግራ የሚዞረው። ጋዝ ያለበት ሲስተም ላይ ቶርች ከማንሳታችሁ በፊት ጋዙን በተፈቀደለት ማሽን ሰብስቡ፣ በናይትሮጅን እጠቡ፣ ከዚያ በኋላ ቁረጡ። አሮጌውን ማሽን በአዲሱ ጋዝ መሙላት ደግሞ ፈጽሞ አይሞከርም። አር-454ቢ የሁለት ጋዞች ቅልቅል ነው፤ ከጠርሙሱ በፈሳሽነቱ ነው የሚወጣው። ስፕሪስ ጁስ ከላይ ከላይ ብቻ ቢጠጣ አንዱን ፍሬ ብቻ ነው የምታገኙት። በእንፋሎትነቱ ካወጣችሁት ቅልቅሉ ይዛባል።

ለቤት ባለቤቶች የምመክራችሁ፣ ሠሪው ሊሄድ ሲል ሦስት ጥያቄ ጠይቁት። ቫኪዩሙ ስንት ማይክሮን ደረሰ? ስንት አውንስ ጨመርክ? ሰብኩሊንጉ ስንት ሆነ? ቁጥር ይነግራችኋል ወይ አይነግራችሁም። በትሕትና ጠይቁ፤ ሥራውን የሠራ ሰው ሲጠየቅ ደስ ይለዋል። እናንተ ሠሪዎች ደግሞ እነዚህን ቁጥሮች ከቀኑና ከውጭው ሙቀት ጋር በማርከር የማሽኑ ክዳን ውስጥ ጻፉልኝ።

ባለፈው ሰመር ዊተን አካባቢ አንድ ቤት መብረቅ ያቃጠለው ኮምፕረሰር ለመቀየር ሄጄ ነበር። ክዳኑን ስፈታ ውስጡ በጥቁር ማርከር ተጽፏል። «2013። ቱቦ 32 ጫማ። የተጨመረ 10 አውንስ።» ከሥሩ ስም የለም። እጁን አላውቀውም፤ ማን እንደሆነ ባውቅ ደስ ባለኝ። ሰሌዳው 8 ፓውንድ ከ2 አውንስ ይላል፤ ከእሱ ጭማሪ ጋር 8 ፓውንድ ከ12 ይሆናል። ጋዙን ሰብስቤ ጠርሙሱን ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት። 8 ፓውንድ ከ10 አውንስ። ሁለቷ አውንስ በቱቦና በዘይት ውስጥ የምትቀር ናት። በ12 ዓመት ማንም አልሞላውም፣ ማንም መሙላት አላስፈለገውም። አዲሱን ኮምፕረሰር ገጥሜ፣ ናይትሮጅን ይዤ፣ ቫኪዩም ስቤ፣ 8 ፓውንድ ከ12 አውንስ መዝኜ አስገባሁ። ከእሱ ጽሑፍ ሥር የራሴን ጻፍኩና ክዳኑን አሰርኩ።